ድንጋይ የማይጭነው ፓስተር

የድረስ ሚስት ባንቻየሁ ከጎንደር ሆስፒታል ስትደውል ሱቄ ውስጥ ለአንድ ባለበቅሎ ገመድ እየለካሁ ነበር። «ጋሼ ሰይድ፣ ድረስ አረፈ» አለችኝ። ባለበቅሎው ፊቴን አይቶ ገመዱን ከእጄ ወሰደና ጠቅልሎ ወደነበረበት ሰቀለው።

ለቅሶዋ ጋብ ሲልላት ዋናውን ጉዳይ ነገረችኝ።

«አስከሬኑን ይዘን አሁን እንነሳለን። ዳባት ላይ እንዳይቆም ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ። አባቱ በመንገድ ወሬ እንዳይሰሙት። መርዶውን እርስዎ ያድርሱልኝ።»

«የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አሉ አይደል?»

«እነሱን ካዩ በሩን ይዘጉታል። እርስዎን ግን ያስገቡዎታል።»

እውነቷን ነው። ድረስ እዚህ ደባርቅ የአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ፓስተር ነበር። አባቱ ቄስ ዘለቀ ደግሞ ከዳባት ከፍ ብላ ባለች መንደር የሚያገለግሉ ካህን ናቸው። አባትና ልጅ ቃል ከተለዋወጡ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ገመድና ሸራ፣ ምስማርና የላስቲክ ጫማ የምሸጥ ሙስሊም ነኝ። የፓስተርን ሞት ለቄስ የሚያረዳ ሙስሊም! ድረስ ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የልጁ አስከሬን በአምባ ጊዮርጊስ በኩል መጥቶ፣ ከአባቱ መንደር በታች ባለው አስፋልት አልፎ፣ ደባርቅ ገባ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነውና እኔ እስኪነጋ ጠበቅሁ። እስኪነጋ ድረስም እሱን ከማሰብ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ድረስን የማያውቅ ሰው በአንድ ነገር ይለየዋል። የተጫነ እንስሳ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ኮቱን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ወደ ጸሎት ቤቱ ሲሄድ እንኳ እንጨት የተሸከመች አህያ ካየ ይቆማል። መዳፉን ከጭነቱ ሥር ያስገባና በግራ ከፍ፣ በቀኝ ከፍ ያደርገዋል። «እናቴ፣ በዚህ በኩል ከብዷታል» ይላል። ባለአህያዋ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ አንዳንዷ ሌባ መስሏት ትቆጣዋለች። እሱ ግን ገመዱን ፈትቶ፣ እንጨቱን አካፍሎ፣ መልሶ አስሮ ነው የሚሄደው። ሰንበት ጠዋት ምዕመናኑ ቁጭ ብለው ሲጠብቁት፣ እሱ የሰው አህያ ሲጭን ስንት ቀን አይቼዋለሁ።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ የነገረኝ ከተዋወቅን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ዳዊቱን አባቱ ራሳቸው አስቆጥረውታል። ጎረምሳ ሲሆን መጽሐፉንም መቅደሱንም ትቶ ወደ ደባርቅ ወጣና ባለበቅሎ ሆነ። ያኔ ቱሪስት እንደ ጉድ ነበር። የፈረንጆቹን ድንኳንና ምግብ ጭኖ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በርና ከዚያም ወዲያ ይወጣል፤ ያገኘውን ይጠጣል። በቅሎዋን የሰጡት ቄስ ዘለቀ ናቸው። ዳማ በቅሎ ነበረች፤ ከመንደር እስከ ደብሩ እሳቸው የሚቀመጡባት። «እግዜር ከመንገድህ ይመልስህ እንጂ፣ እንጀራህን አልከለክልህም» ብለው ነው የሰጡት።

አንድ ቀን ጠዋቱን በአረቄ ጀምሮ ጭነቱን ሲያመቻች አንዱ ጎን ከበደ። ወጉ ጭነቱን ፈትቶ እንደገና ማካፈል ነው። ሰነፍ ባለበቅሎ ግን አቋራጭ አለው፤ በቀለለው ጎን ድንጋይ ይጨምራል። ድረስም ድንጋይ ጨመረ። ከሳንቃ በር አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ አፋፍ በሚጠጋበት ቦታ፣ ድንጋዩ ከገመዱ ሾልኮ ወደቀ። ጭነቱ በከባዱ ጎን ተጎተተ፤ በቅሎዋም አብራ ሄደች።

«ዞራ አየችኝ፣ ሰይድ» አለኝ። «እመነኝ፣ ዞራ አየችኝ።»

አፋፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከመንገደኞቹ ጋር የነበረ ምግብ አብሳይ ሌሎቹ ሲሄዱ አብሮት ቀረ። ሰውየው ጴንጤ ነበር። ነገር ግን አንድ ቃል አልሰበከውም፤ ሸማውን አልብሶት አጠገቡ ቁጭ አለ፤ ጉም ወጥቶ ገደሉን እስኪሸፍነው ድረስ። ድረስ ያኔ ማለ፤ ከዚህ ወዲያ አረቄም ጠላም በአፌ አይዞርም አለ። የዚያ ሰው ትዕግሥት ነው በኋላ ወደ ጸሎት ቤቱ የወሰደው።

«መጽሐፉንማ አባቴ በልጅነቴ አስተምረውኛል» ይለኝ ነበር። «እኔ የጎደለኝ ስወድቅ አጠገቤ የሚቀመጥ ነበር። በዚያ ሰው በኩል እግዚአብሔር አጠገቤ ሲቀመጥ አየሁ።»

እኔ ለስብከት ጆሮ የለኝም፤ የራሴ ሶላት ይበቃኛል። ይህን ሲል ግን አልቀለድኩበትም።

ለአባቱ በቅሎዋ ገደል መግባቷን ብቻ ነገራቸው። አረቄውን፣ ድንጋዩን፣ መሐላውን አልነገራቸውም፤ አፈረ። ቄስ ዘለቀ ስለ በቅሎዋ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ልጃቸው ዳግመኛ መጠመቁንና ፓስተር መሆኑን ሲሰሙ ግን ደጃቸው ላይ አቆሙት።

«ያጠመቅሁህ በእነዚህ እጆቼ ነው። ሁለተኛ ስትጠመቅ የመጀመሪያውን የት ጣልከው?»

ከዚያም መስቀላቸውን አውጥተው «ከዛሬ ወዲያ ከአፌ ቃል አትሰማም» ብለው ማሉ። ቄስ በመስቀሉ ከማለ አለቀ። ልጅ ስለ ጠላ ማለ፣ አባት ስለ ቃል ማሉ፤ ሁለቱም የማሉትን የሚያጥፉ ሰዎች አይደሉም።

አዲስ አማኝ ልክ የለውም ይባላል፤ ድረስም ልክ አልነበረውም። የሚጾመው እስኪወድቅ ነው። ጃናሞራ ወርዶ መካነ ብርሃን በእግሩ ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ የታመመ ይጠይቃል፤ ከዚያ የተጣላ ያስታርቃል። ለቤቱ እንግዳ ሆነ። ባንቻየሁ ውኃ ስትቀዳ ውላ፣ ልጇን ይዛ ሱቄ በር ላይ ስታርፍ «ባልሽስ?» እላታለሁ። «ለሰው ሁሉ አለ» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

አንድ ቀን እየተቻኮለ መጣ። «ለልጄ ጫማ ስጠኝ፤ ብዙ ቀን ጠፍቻለሁና ላስደስታት።»

«ቁጥሯ ስንት ነው?»

አያውቅም። በእጁ ለካልኝ፤ አንዴ ሲያሳጥረው አንዴ ሲያስረዝመው ሳይ ሳቅሁበት።

«አንተ ሰው! የእስራኤልን ነገድ አንድ ሳታስቀር ትቆጥራለህ፤ የልጅህን እግር አታውቅም?»

እኔ ለቀልድ ነበር። እሱ ግን የገመዱ ጥቅል ላይ ተቀመጠና ጫማውን ጭኑ ላይ አደረገ። ገዢ ገብቶ ወጣ፤ እሱ አልተነሳም።

«ድንጋይ ነው የምጭነው» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ይሄ ጫማ። ባለፈው ያመጣሁላት ብስኩት። ለባንቻየሁ የገዛሁላት ሻሽ። በአንድ ጎን አገልግሎቱን ቆልዬ፣ ሌላው ጎን ሲቀል ድንጋይ እጨምራለሁ። ሸክሙ ሁለት ሆነ እንጂ አልተካፈለም። እንደ ዳማዋ ገደል ልሰዳቸው ነው።»

ጫማውን መለሰልኝ። በማግስቱ ልጁን በእጇ ይዟት መጣ፤ ተቀምጣ እየለካች ራሷ መረጠች። የመረጠችው ቀዩን ነው፤ ስትሄድ እግሯን እያየች ከበሩ ጋር ተጋጨች።

ከዚያ ወዲያ ጭነቱን ፈትቶ እንደገና አካፈለ። የመካነ ብርሃንን መንገድ ለሌላ አገልጋይ ሰጠ። ረቡዕና እሑድ የጸሎት ቤቱ ሆኑ። ባንቻየሁ ገበያ ስትወጣ እሱ ቤት ይውላል። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌዎች ያስቆጣው ግን ሰኞ ነው። ሰኞን ለአባቱ እርሻ አደረገው። ቄስ ዘለቀ አርጅተዋል፤ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ማሳቸው ጦም ሊያድር ደርሶ ነበር።

«ፓስተር ሞፈር ተሸክሞ ሲሄድ ሰው ምን ይላል? የገዛ አባትህ እንኳ አያናግሩህ!» አሉት።

«እናንተ ሌላ ሰባኪ ታገኛላችሁ» አላቸው። «ልጄ ሌላ አባት የላትም። አባቴም ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔን አንድ ጎን ላይ ብቻ አትጫኑኝ።»

ስብከቱ እንዳይደክም ፈርተው ነበር። ባንቻየሁ እንደምትለው ግን ሰኞ ማረስ ከጀመረ በኋላ ያለው ስብከቱ ነው የተሻለው፤ ያጥር ነበር።

በእርሻ ወቅት ሰኞ ሰኞ ማለዳ ዳባት ወርዶ ወደ መንደሩ ይወጣል። በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። ቄስ ዘለቀ ደጃቸው ላይ ዳዊት ይደግማሉ። እሱ ሲመጣ እጅ ይነሳል፤ እሳቸው ቀና ብለው ያዩታል፤ በቃ። አይከለክሉትም፤ አያናግሩትም። በጾም ቀን ከሆነ፣ እሱ በራሱ ቤት የአባቱን ጾም ባይጾምም፣ እሳቸው እስኪፈቱ እህል አይቀምስም። «ማሳው የእሳቸው ነው፤ ሰዓቱም የእሳቸው ነው» ይለኛል። ሱቄ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ዳዊቱን በግዕዝ ያንጎራጉር ነበር፤ ዜማው የአባቱ ነው። ሰው ሲገባ ያቆመዋል።

ችግሩ ጠላው ነበር። ለአራሽ ምሳ ከጠላ ጋር መላክ የአገር ወግ ነው። አክስቱ፣ የቄስ ዘለቀ እህት፣ እንጀራውንና ጠላውን ማሳው ዳር ታስቀምጥለታለች። እሱ እንጀራውን በልቶ፣ ውኃ ከምንጭ ጠጥቶ፣ ጠላውን እንደሞላ ይመልሰዋል። ቄስ ዘለቀ የሞላውን ማድጋ በየሳምንቱ ያያሉ። ከራሳቸው ቤት የተጠመቀ ጠላ፣ በልጃቸው ተንቆ ይመለሳል። እሱ መሐላውን አይናገር፣ እሳቸው አይጠይቁ።

ድረስን «ንገራቸው እንጂ!» ስለው «ባልተጠየቅሁት እንዴት አፌን ልክፈት? ቃል የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ በግድ አላስጀምራቸውም» አለኝ። እልኩ የአባቱ ነው፤ ይህን ለራሱ ነግሬዋለሁ።

ድረስ ከመሞቱ ሳምንት ያህል በፊት፣ በገበያ ቀን ቄስ ዘለቀ ሱቄ ገቡ። ከዚያ በፊት ረግጠውት አያውቁም። የበሬ ገመድ አሉኝ። አወረድኩላቸው። ወፍራም ነው አሉ፤ ቀጭን አወረድኩ፤ ቀጭን ነው አሉ። ገመድ ፈልገው እንዳልመጡ ገባኝ፤ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ያ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ ስሙን ሳይጠሩ፤ «ያ ልጅ ካንተ ጋር ይውላል አሉ። የቤቴን ጠላ የሚጸየፈው ረክሷል ብሎ ነው?»

አላስችል አለኝ። የበቅሎዋን ነገር ከነአረቄው፣ ከነድንጋዩ፣ ከነመሐላው ነገርኳቸው። «መናቅ አይደለም አባቴ። ያቺ ዳማ የሞተች ቀን የማለው ነው። ሲያፍር ነው የኖረው።»

ቄስ ዘለቀ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው መሬቱን አዩ።

«እኔ ደግሞ ስጸየፈው ኖርኩ» አሉ። ቆይተው ቀና አሉና «እናንተ ጠላ አትጠጡም። በበዓላችሁ ለእንግዳ ምን ትሰጣላችሁ?» አሉኝ።

«ቀሪቦ እንሰጣለን።»

«ከምን ይሠራል?»

«ከገብስ ነው አባቴ። አሠራሩን ሴቶቹ ናቸው የሚያውቁት።»

ባለቤቴን ፋጡማን ጠራኋት። ገብሱ እንዴት እስኪጠቁር እንደሚቆላ፣ እንዴት ተፈልቶ እንደሚጣራ፣ ስኳሩንና ትንሿን እርሾ አስረዳቻቸው። ትልቁ ቄስ እንደ ተማሪ እየደገሙ ሰሟት። «እንዳያሰክር!» አሉ ሁለት ሦስቴ። «ለማን ነው አባቴ?» ብትላቸው «ለእንግዳ» አሉ። ሲወጡ ወደኔ ዞረው «ለእሱ ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ። ገመዱን ሳይገዙ ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ሱቄ ገባ። አልተቀመጠም። የተሰቀሉትን ገመዶች በእጁ እየነካ ወዲያ ወዲህ አለ።

«አባቴ አናገሩኝ።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም። ትናንት አክስቴ ማድጋውን አስቀመጠች። ጠላ መስሎኝ ልመልሰው ሳነሳው ሸተተኝ። ቀሪቦ ነው፣ ሰይድ! የኔ አባት፣ ቀሪቦ! ቆሜ ነው የጠጣሁት፤ እስከ አተላው።» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። «በአንድ ማድጋ ስንት ነገር እንዳሉኝ ብነግርህ አታምንም።»

«ታዲያ ሄደህ አላመሰገንክም?»

«እጅ ነሳሁ። እሳቸውም አዩኝ። ሰኞ ደግሞ ይሻለናል። አይጣደፍም።» ከዚያ በጎን አየኝ። «የፋጡማን እጅ ግን አውቀዋለሁ። በስንት ረመዳን ጠጥቼዋለሁ።»

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ሆዱን ታመመ። ያልፋል ብሎ ታገሠ፤ ጎንደር ሲደርስ አንጀቱ ተጠላልፏል ተባለ፤ ቀዶ ጥገናውም አላተረፈው። ሰኞ ደግሞ ይሻለናል ያለው ሰው ሰኞን አላየም።

በማግስቱ ከእድራችን ዳኛ ከአያ ፈንታ ጋር ማለዳ መንደሩ ደረስን። ቄስ ዘለቀ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃቸው ላይ ነበሩ። እኛን ሲያዩ ዳዊታቸውን ዘጉ። አያ ፈንታ በወጉ መሠረት ስለ ዓለም ከንቱነት ሊጀምር ሲል አቋረጡት።

«ፈንታ፣ እኔ ስንቱን ያረዳሁ ሰው ነኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ። ድረስ ነው?»

ስሙን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አዎ አባቴ» አልኩ።

አክስቱ ከውስጥ ሰምታ ጮኸች። እሳቸው እጃቸውን አንስተው «ቆዪ» አሏትና ወደኔ ዞሩ።

«ሰይድ፣ ያን ነገር ጠጣው?»

«ጠጣው አባቴ።»

«ማድጋው ባዶውን ነው የመጣልኝ። ጠጥቶት ይሁን ደፍቶት አላወቅሁም። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ነው ሳሰላስል የሰነበትኩት።»

«እስከ አተላው ነው የጠጣው። በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥቶ ነገረኝ።»

«ምን ብሎ?»

«አባቴ አናገሩኝ ብሎ።»

ቄስ ዘለቀ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ሰምቶኛል በለኛ» አሉ፤ ከዚያም አለቀሱ። አክስቱም እንድታለቅስ ያኔ ነው የለቀቋት። እኔም አለቀስኩ፤ ወንድሜ ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል ተነሥተው መቋሚያቸውን ጠየቁ። አያ ፈንታ በጥንቃቄ «አባ፣ ቀብሩ እኮ በእነሱ ሥርዓት ነው» አላቸው።

«ልጄ ያለበት እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ አመለከቱ። «ሰኞ ይመጣል ብዬ ትናንት ያስጠነሰስኩት አለ። ልቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ጫኑልኝ።»

ቀሪቦው በትልቅ ጀሪካን ተገለበጠ። የጎረቤት በቅሎ መጣች። አያ ፈንታ ጀሪካኑን በአንድ ጎን አሰረና ሌላውን ጎን ለማመጣጠን ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሳ።

«ድንጋዩን ተወው፣ አያ ፈንታ» አልኩት። «ሌላ ጀሪካን ይምጣና ለሁለት እናካፍለው።»

አካፈልነው። ከጭነቱ ሥር መዳፌን አስገብቼ በግራ ከፍ፣ በቀኝ ከፍ አደረግሁት፤ እሱ እንደሚያደርገው። ቄስ ዘለቀ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ከጭነቱ ላይ አሳርፈው ከበቅሎዋ ጎን ተራመዱ፤ እስከ አስፋልቱም አላነሱትም።